ቀኑ ነው ያልኩት

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ወርቄ» ይሉታል። ስሙ አይደለም፤ «ዝምታ ወርቅ ነው» ከሚለው አባባል ያወጡለት ቅጽል ነው። እሱ ግን ዝምተኛ ሆኖ አያውቅም። ያንን አሮጌ ማሽኑን ሲሰድብ ምላሱ ምላጭ ነው። ለልጁ ተረት ሲያወራላት አንዴም አይደናቀፍም። ታክሲ ውስጥ ግን «ወራጅ» ማለት እያቃተው፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ይጠብቅና ያለፈውን መንገድ በእግሩ ይመለሳል። ስልክ ሲይዝማ የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

አንድ ጠዋት ሁለት ሺህ የሠርግ መጥሪያ ሊያትም የመጀመሪያዋን ካርድ አውጥቶ አያት። ትእዛዙ ላይ ቅዳሜ የነበረው ቀን ካርዱ ላይ እሁድ ሆኗል። ማሽኑን አቆመና ለጉዳይ ወጣ ላሉት ሥራ አስኪያጅ ደወለ።

«ቀ... ቀ... ቀ...»

«ቀለም አለቀ?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ቀ...»

«ቀለም ነው አይደል? ባለው ቀጥል፣ እልካለሁ።»

«አዎ» አለ።

ሳትሰናከል የወጣችለት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በንዴት በርበሬ መስሏል። ጽፎ መላክ ይችል ነበር፤ ግን እልህ ያዘው። «ቀጥል ብለዋል፣ እቀጥላለሁ» አለው ማሽኑን፣ ጥርት አድርጎ። ሁለቱንም ሺህ አትሞ ጨረሰ።

በማግስቱ የሙሽራው አባት ካርዱን ይዘው መጡ። እሳቸው እንደወጡ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛው ሁሉ ፊት «ዓይን የለህም? ለምን አልተናገርክም?» አሉት።

«ቀ... ቀ...»

«ቀጥል ስላሉኝ ነው ሊል ነው» አለች አራሚዋ፣ አዝናለት።

«እህቴ፣ አ... አ... አትጨርሺልኝ።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። የአንገቱ ሥር ተገትሯል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል። «ቀ... ቀ... ቀኑ ነው ያልኩት። ቀ... ቀለም ያሉት እርስዎ ነዎት። አ... አዎ ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

አንድ ደቂቃ ሙሉ ፈጀበት። ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን አዩ።

«እሺ፣ ዛሬውኑ ተስተካክሎ ይታተም» ብለው ወጡ። ይቅርታ የሚባል ነገር ካፋቸው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ግን ስልኩን ትተው ራሳቸው ማሽኑ ድረስ ይመጣሉ፤ ሲያናግሩት ግን ያው ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

ያን ዕለት ቤቱ ሲገባ ሁሉንም ለሚስቱ አወራላት። የሥራ አስኪያጁን ድምፅ ሳይቀር አስመስሎ፣ ያለ አንዲት እንቅፋት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ግን፣ «ይኸው እንደ ውሃ ታወርደው የለ? እዚያ ስትደርስ ምን ይይዝሃል?» አለችው።

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እናቱም፣ አስተማሪውም፣ ሆን ብሎ የሚያደርገው ይመስል፣ ይህንኑ ሲጠይቁት ነው ያደገው።

«ባውቅማ» አላትና ራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።