ያጠብኳቸው የእንግዳዋ ድንጋዮች

ትናንት ደብረ ብርሃን በምኖርበት ግቢ የውኃ ሮቶው ሊታጠብ ተገለበጠ። ሽቦ ይዤ ውስጡን ልፈገፍግ ስጎነበስ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር ተለጥፎ አየሁ። እጄን ሰበሰብኩ። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ ፈግፍጌ አውቃለሁ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ፣ እትዬ አሰለፈች አልጋ በሚያከራዩበት ቤት እሠራ ነበር። ጊዜው መስከረም ነው፤ ጭጋጉ እስከ ረፋድ አይነሳም፣ የባቄላው እሸት ደርሷል። ሰናይት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለጥናት መጥታ እኛ ዘንድ ሦስት ሳምንት ቆየች። በየቀኑ ከቤቱ በታች ወዳለው ኩሬ እየወረደች ቡናማ ነገር የለበሱ ድንጋዮች ታመጣና በባልዲ ውኃ ውስጥ ታስቀምጣለች።

«ሰው ከአንኮበር ገብስ ይዞ ይሄዳል፤ አንቺ ድንጋይ?» ይሏታል እትዬ አሰለፈች።

«እትዬ፣ የለበሱት ነገር እኮ እንስሳ ነው!»

«እንግዲያው እረኛ ይቀጠርለታ!»

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባደግኩበት ቤት የእንግዳ ዕቃ ቆሽሾ አያድርም፤ እግሩ እንኳ ይታጠባል። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ እሷ ወደ ኩሬው እንደወረደች ድንጋዮቹን በአመድና በሽቦ አሸኋቸው። ነጭ አድርጌ አጥሩ ላይ ሳሰጣቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ተመልሳ «ድንጋዮቼስ?» ብላ በድንጋጤ ስትጮህ ስሰማ ግን ማጥፋቴ ገብቶኝ ሰብስቤ ጓሮ ደበቅኳቸው።

«ከጎረቤት ግንብ የሚሠሩት ሰዎች ድንጋይ መስሏቸው ወስደውት ይሆናል» አሉ እትዬ አሰለፈች።

ሰናይት አልሳቀችም። የሦስት ሳምንት ሥራዋ ነበር፤ ሌላ እንዳታመጣ ኩሬውን የሌሊቱ ጎርፍ በደለል ሞልቶታል። አመሻሹ ላይ የደበቅኳቸውን ድንጋዮች ገደል ልጥል በቀሚሴ ታቅፌ ስወጣ፣ በረንዳው ላይ ሻንጣዋን ስታስር አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። ማለፍ አቃተኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ቆሽሸው ነበር… አጠብኳቸው።»

አንዱን ድንጋይ አንስታ አገላበጠችው። አጉሊ መነጽር አወጣች። ድንጋዩን አየችበትና «ነይ እይ» አለችኝ። ከጤፍ ያነሱ ቡናማ ነጥቦች ድንጋዩን ነክሰው ይዘዋል።

«የእንስሶቹ ፍሬዎች ናቸው። አንቺ ያጠብሽው ሺህ ትንንሽ እንስሳት ተያይዘው የሚኖሩበትን ነው፤ ሁሉም አንዱ ከሌላው እየበቀለ የተገኘ። ብርድ ሲመጣ ወይ ውኃው ሲደርቅ ያልቃሉ፤ ፍሬው ግን ይቆይና እንደገና ይበቅላል።»

«ካለቁማ ጥናትሽ ጠፋብሽ።»

«የእንስሶቹ መልክ ይመሳሰላል፤ ዓይነታቸውን የሚለየው ፍሬው ነው። ሴትዮ፣ በሽቦ ፈትገሽ እንኳ አልነቀልሽውም!» አለችና ሳቀች።

ሁሉም አልተረፈም። ከአሥራ አንዱ ድንጋይ ፍሬ የተገኘው በአራቱ ላይ ነው። እነሱን በጨርቅ ጠቅልላ በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች።

አሁንም ሰው ፊት አፌ ቶሎ አይፈታም። ሳጠፋ ግን ሳልውል ሳላድር እናገራለሁ። ይቅር እንዲሉኝ ብዬ አይደለም። ምን ያህሉ እንደጠፋና ምን እንደተረፈ ብቻዬን ሆኜ ማወቅ ስለማልችል ነው።