«የልጄን ልክ መልሽልኝ!»

ይህ የደረሰብኝ ፍኖተ ሰላም ከተማ ኮሌጅ በምማርበት ጊዜ ነው። ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል። ያን ዕለት ግን ከጅጋ ገበያ በሰላም የምወጣ አልመሰለኝም ነበር።

መግቢያ ስታትስቲክስ የሚባለውን ኮርስ አንድ ጊዜ ወድቄዋለሁ። ቡሬ ያለው አባቴ «ዳግም ከወደቅሽ ነይና በርበሬ ቸርችሪ» ብሎኛል፤ አባቴ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

መምህራችን «ጥሬ መረጃ ከሰው ሰብስቡና በድግግሞሽ ሠንጠረዥ አደራጁ። ጥሬው ወረቀት አብሮ ይያያዝ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን። ግማሹ ተማሪ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ከጭንቅላቱ ፈጠረ። እኔ አንዴ የወደቅሁ ስለሆንሁ ለመፍጠርም ድፍረት አጣሁ።

ምን ልሰብስብ? ዕድሜ ብጠይቅ ያገሬ ሰው እውነቱን አይነግረኝም። ከብት ብቆጥር ቡዳ እባላለሁ። ቁመት ግን ማንንም አያስቀይምም አልሁ። እንዲህ ብዬ ነበር፣ ማንንም አያስቀይምም!

የጓደኛዬ የሰሚራ አባት ጋሽ ኢድሪስ ጅጋ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው። በገበያ ቀን ሄድሁና ሜትራቸውን ከሱቁ መቃን ላይ አጣበቅሁ። ለገበያ የመጣውን ወንድ ሁሉ «ለትምህርቴ ነው፣ አንዴ ይቁሙልኝ» እያልሁ ስሙንና ቁመቱን ጻፍሁ። ወንዶቹ ወደዱት። አንዱ ከነጥምጥሙ ካልተለካሁ አለ። ሌላው አጭር ሰው በጣቱ እየቆመ ስላስቸገረኝ ትከሻውን ተጭኜ ተረከዙን ከመሬት አገናኘሁት።

ይኸኔ ጠላ የቀማመሰ አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ አየኝና «ቆሞ የሚለካ ሬሳ ዛሬ ገና አየሁ! ሣጥን ቤት ልትከፍች ነው?» አለ።

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ገበያውን ሲዞር ግን ቀልድነቱ በየመደቡ እየረገፈ ሄደ። ቅቤ ተራ ሲደርስ «አንዲት ልጅ ወንዶችን ለመቃብር እየለካች ነው» ሆኖ ደረሰ።

ቅቤ ሻጯ እማማ ጥሩነሽ ቀደም ብዬ የለካሁትን ልጃቸውን አንዳርጌን እጁን ይዘው እየጎተቱ መጡ። አንዳርጌ ጢሙን ያቀመቀመ ጎልማሳ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የልጄን ልክ መልሽልኝ!»

«እማማ፣ ቁጥር እኮ ነው፤ አይመለስም» አልኋቸው።

«ሰማችሁ? አይመለስም አለች!»

ሰው ከበበን። ሲለካ ሲስቅ የነበረው አንዳርጌ አሁን ፊቱ አመድ መስሏል። «ከተለካሁ ወዲህ ጉልበቴ ከዳኝ» አለ። ይህን ሲል ሌላው ወገቡን ያዘ፤ ከነጥምጥሙ የተለካው ደግሞ ራሱን ያመው ጀመር።

ጋሽ ኢድሪስ «እኔ ሰው ስለካ ነው ያረጀሁ፤ ማን ሞተብኝ?» አሉ።

«የእርስዎ ለልብስ ነው። ለልብስ ያልሆነ ልክ ለምን ሊሆን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሏቸው እማማ ጥሩነሽ።

«በቃ፣ ስሙን እሰርዘዋለሁ» አልሁ።

«ሰርዘሽውማ ገደልሽው!»

ክቡ እየጠበበ ሄደ። አንድ ዱላ ከትከሻ ላይ ሲነሣ አየሁ። በፍርሃት መካከል አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«እማማ፣ ይቀመጡ። ልጅዎን እዚሁ ዓይንዎ እያየ እደብቅልዎታለሁ» አልሁ።

ባዶ ወረቀት አውጥቼ ሠንጠረዥ አሰመርሁ። አጫጭሮቹ እዚህ፣ መካከለኞቹ እዚህ፣ ረጃጅሞቹ እዚህ። ከጥሬው ወረቀት እያንዳንዱን ቁመት እየጠራሁ በየክፍሉ አንድ አንድ ጭረት ጫርሁ። ዱላውን በዓይኔ እየጠበቅሁ ስለጫርሁት አንዳንዱ ጭረት እንደ እባብ ተጣመመ። ስጨርስ ሠንጠረዡን ለአንዳርጌ ሰጠሁትና «ራስህን ፈልግ» አልሁት።

ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። «እማ፣ ስሜ የለም። ልኬም የለም። ከመካከለኞቹ ጋር ነኝ፤ የትኛው ጭረት እንደሆንሁ ግን እኔም አላውቅም።»

እማማ ጥሩነሽ ወደኔ ዞሩ። «ሞት ቢመጣ በየትኛው ያውቀዋል?»

«አያውቀውም።»

«ያኛው ወረቀትስ?»

ያኛው ስምና ቁመት ያለበት ጥሬ መረጃዬ ነው። እሱ ከሌለ ማርክ የለም፤ ማርክ ከሌለ በርበሬ ነው። አንዳርጌን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል። የምሩን ነው የፈራው፤ እናቱም የምራቸውን ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው።

ጋሽ ኢድሪስ የከሰል ካውያቸውን ከፈቱላቸው። እማማ ጥሩነሽ ወረቀቱን ከፍሙ ላይ አድርገው አመድ እስኪሆን ቆመው አዩ። አንዳርጌ በረጅሙ ተነፈሰና «ራበኝ» አለ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። የሌሎቹም የወገብና የራስ ምታት እዚያው ዳነ።

መምህሩ «ጥሬው የት አለ?» ሲለኝ የሆነውን ነገርሁት።

«ይህን ያህል መፍጠር ከቻልሽ ምነው ቁጥሩን አልፈጠርሽም?» አለኝ። ቀጥሎ ግን ሠንጠረዡን፣ የተጣመሙትን ጭረቶች፣ ደጋግሞ አየ። «መረጃ በክፍል ሲጠቃለል የእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይጠፋል። ይህ የዚህ ዘዴ ጉድለት ነው፤ ለፈተና ያዥው» አለና ማርኬን ቆርጦ ለጥቂት አሳለፈኝ። ሻይ ቤት የፈጠሩት ሙሉውን አገኙ።

እውነትም ፈተናው ላይ መጣ። «ጉድለት ነው» ብዬ ጻፍሁ፤ ማለፍ ነበረብኛ! እስከ ዛሬ ግን አላመንሁበትም። በዚያ ጉድለት አንዲት እናት ልጃቸውን ከሞት ሸሽገው፣ ክንዱን ይዘው ወደ ቅቤያቸው ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁ።