ሜሪ ለሮም የሰጠችኝ ምክር

ሜሪ፣ ሮም ስመጣ የመጀመሪያውን ጠዋት እንዴት እንደማሳልፍ የነገርሽኝን ዛሬ እዚሁ ሲያትል አደረግኩት። እማዬ በድንጋጤ ልትሞትብኝ ነበር።

ለማታውቋት፣ ሜሪ ታላቅ እህቴ ናት። አራት ዓመት ሮም ኖራ ባለፈው ወር እዚያው በድንገት አረፈች። ትምህርት ሲዘጋ ልጠይቃት ስለነበር ምክሯን በድምፅ ልካልኝ ነበር።

«ውሃ አትግዛ፣ መንገድ ዳር ካለው ቧንቧ ጠጣ። ቡናህን ቆመህ ጠጣ፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል። የመጀመሪያ ቀን ግን ቱሪስቱ ሳይነሳ ውጣ፣ ስልክህን ቤት ተውና ዝም ብለህ ሂድ። ብትጠፋም አይዞህ፣ ያ ትልቅ ጭንቅላትህ ከሩቅ ይታያል።»

ለቅሶ የሚደርስ ሰው አልቋል። ዛሬ ቅዳሜ እማዬም ወደ ሥራ ተመለሰች። ሜሪ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያ ጠዋት ነው።

ስልኬን አልጋ ላይ ትቼ ከሰፈራችን ከቢከን ሂል በዝናብ ቁልቁል ወረድኩ። ማንም በማያውቀኝ መንገድ ላይ እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ዝናቡ ለዚህ ይመቻል።

ስመለስ እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በር ላይ ቆማለች። ሃያ ሦስት ጊዜ ኮል አድርጋ ስላላነሳሁ ሥራዋን ጥላ መጥታለች።

«አንተም?» አለችኝ።

ስልኬን ከአልጋው ላይ አንስቼ የሜሪን ድምፅ ከፈትኩላት። ስለ ጭንቅላቴ ስትሰማ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «ድገመው» አለችኝ። አራት ጊዜ ሰማነው።

እናንተስ፣ ያጣችሁት ሰው የመከራችሁን ነገር እሱ ከሄደ በኋላ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ፣ አነበዋለሁ።

ሜሪ፣ ሮም የሄድኩ ቀን ሌላውን ሁሉ እንዳልሽው አደርጋለሁ። ስልኬን ግን ይዤ ነው የምወጣው።