ሪፖርት የማያርሰው እርሻ

ያንን ቃለ ጉባኤ እስካሁን አልረሳሁትም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና። ደባርቅ፣ የቀበሌያችን የወንጀል መከላከል እቅድ ልናጸድቅ ተሰብስበናል። ሰብሳቢው «ስርቆት ጠፍቷል» የሚለውን አንቀጽ ሲያነብ አንዲት ባልቴት ተነሡ። እርሻ በደረሰበት ሰሞን ያላቸው አንድ በሬ ተሰርቆ በሊማሊሞ ቁልቁል ተነድቶባቸዋል።

«እንደ ቀድሞው አውጫጭ ተቀመጡልኝ። አገሩ ይሰብሰብና ያየ ይናገር፣ ሌባዬ ይውጣ» አሉ።

«እማማ፣ ለእሱ አጀንዳ አልተያዘም» አላቸው ሰብሳቢው። «ደግሞ ስርቆት መጥፋቱን ለዞን ሪፖርት አድርገናል።»

«እንግዲያው ሪፖርቱን ልጥመደው?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሰብሳቢው እንባውን እየጠረገ ድምፅ አሰጠ። በሬው ሲነዳ ያዩትም እዚያው ነበሩ፤ እጃቸውን ለእቅዱ አወጡ። እኔም «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። የባልቴቷ እጅ ግን ከጭናቸው አልተነሣም፤ አይቻለሁ።