በምሳ ሰዓት ያለፈው ሳተላይት

የኬንያ መንግሥት ልቡ ወደ ሕዋ የሸፈተበት አንድ ሰሞን ነበር። ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ፈረንጆች ሮኬት መተኮስ ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ናይሮቢ ያሉት ሹማምንት ግን ከወሬው በቀር የደረሳቸው ነገር የለም። ታዲያ አንድ ቀን አንዱ መሥሪያ ቤት ብድግ ብሎ፣ የሕዋ ቴክኖሎጂ ለሚሠሩ ትንንሽ ድርጅቶች የምርምር ድጎማ እሰጣለሁ አለ። በከተማው እንዲህ ያለ ድርጅት ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ በወጣ በሳምንቱ ግን ብረት በያጁም ቆርቆሮ ነጋዴውም የሕዋ ሊቅ ሆኖ ቁጭ አለ።

እውነተኛው የሕዋ ሰው በዚያን ጊዜ ዌስትላንድስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሬዲዮ ጥገና ቤት ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ የሰው ቴፕ ይፈታ ነበር። ባሌ ነው።

አዲስ አበባ እያለን መሐንዲስ ነበር፤ ሥራውም ከሳተላይት የሚላክ የደመና ፎቶግራፍ መቀበል። አንድ ቀን በውይይት ክበብ ካድሬው ተነሥቶ፣ "ጓድ፣ የኢምፔሪያሊስት ሳተላይት ያነሳውን ደመና እንዴት ታምነዋለህ?" ቢለው፣ "ሲዘንብ አጣራለሁ" ብሎ መለሰለት። ባሌ በዕድሜው የተናገራት አንዲት የድፍረት ቃል እሷ ናት፤ እሷም በሞያሌ በኩል አስወጣችን። ናይሮቢ ስንገባ የስደተኛ ወረቀት አገኘ እንጂ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ጠፋ። የጥገና ቤቱ ባለቤት ደግ ኬንያዊ ነው፤ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር መጋረጃውን ስብ ያደርግለታል፣ ባሌም ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል። ጠጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው እንደ ሕፃን ድብብቆሽ ሲጫወት ማሰቡ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ድጎማውን ያሸነፈ ድርጅት ለውጭ አገር ባለሙያው የሥራ ፈቃድ ይወጣለታል ሲባል ሰማን። የቀረው ሁሉ ይቅርብን፣ ባሌ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ በሙያው ይሥራ እንጂ! የጥገና ቤቱ ባለቤት፣ ባለሱቁ፣ ዜጋ ስለሆነ ድርጅቱ በእሱ ስም ተቋቋመ። ባሌ ደግሞ ከመዳብ ቱቦ አንቴና ጠመዘዘ፣ ከተጣለ የታክሲ ሬዲዮ መቀበያ ሠራ፣ ወስዶም ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር እህቱ ቤት ጣሪያ ላይ ተከለው። ታላቅ እህቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። ባሏ አየር መንገድ ይሠራል፤ እኛም የተጠጋነው እነሱ ዘንድ ነበር።

ማሽኑም ሠራ። ሳተላይቱ በላያችን ሲያልፍ ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ባሌ እሱን በቴፕ ይቀዳና በሌላ ማሽን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። የቪክቶሪያን ሐይቅ ከነደመናው ወረቀት ላይ ያየሁ ቀን ጎረቤት እስኪደነግጥ እልል አልኩ። ችግሩ፣ ሳተላይት ቆሞ አይጠብቅም። ብቅ ብሎ እስኪጠልቅ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው።

ማመልከቻችንን አስገባን፤ የድጎማው ኮሚቴ መጥቶ በዓይኑ የሚያይበት ቀን ተቆረጠ። ሳተላይቱ የሚያልፈው ሰባት ሰዓት ላይ ስለሆነ እንግዶቹን ለአምስት ሰዓት ቀጠርናቸው። ትላልቅ ሰዎች ናቸውና ስድስት ተኩል ላይ ከች አሉ፤ ሊቀመንበሩ ከነቦርጩ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላው። ባሌ "ወደ ጣሪያው እንውጣ" ሊል አፉን ሲከፍት፣ እትዬ የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ደረጃው ሥር ተገትራለች።

"ሰው ከመንገድ ገብቶ እህል ሳይቀምስ ሥራ ይባላል?" አለች። "ምን ዓይነት ቤት ነው ይበሉን?"

እትዬ ሰሞኑን ሙሉ ስታበስል ነው የሰነበተችው። ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ የወጥ ዓይነት የለም። ኮሚቴው ሽታው ሲደርሰው ሕዋውን እርግፍ አድርጎ ተቀመጠ። ባሌን ያሳደገችው እትዬ ናት፤ እንኳን ሊቃወማት ቀና ብሎ አያያትም። ሰዓቱን አየት፣ ጣሪያውን አየት ያደርጋል፤ "እናንተ ብሉ፣ እኔ ልውጣ" ብሎ መነሣት ደግሞ እንግዳን ጥሎ መሄድ ሊሆንበት ነው። ተስፋ ያደረግሁት ባለሱቁን ነበር። እሱም ክትፎው ላይ አቀርቅሯል።

ወጥ ቤት ገብቼ፣ "እትዬ፣ ኧረ ሳተላይቱ ሊያልፍ ነው!" አልኳት።

"ቢያልፍስ? ነገ ይመጣ የለ?" አለችኝ ዶሮውን እየጨለፈች። "የአባቴን ልጅ በሰው ፊት ላዋርደው እንዴ?"

ሊቀመንበሩ ጠገብኩ ብሎ እጁን ሲሰበስብ እትዬ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ላይ ደቀነችበት። "በሞቴ! እቺን ብቻ!" 

"ምን እያለች ነው?" አለኝ።

"ካልጎረሱ ትሞታለች" አልኩት። ምን ላድርግ፣ ያው ነው። ሰውዬው ዓይኑ ፈጦ ጎረሰ። በእኛ ቤት አንድ ጉርሻ ነውር ስለሆነ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሌሎቹም ተራቸውን ጠበቁ።

ይህን ጊዜ ነው ከላይ የመጣው። ቲክ ታክ፣ ቲክ ታክ። መጀመሪያ ቀጠን ብሎ፣ ኋላ ደረጃውን ወርዶ ቤቱን ሞላው። ባሌ ጠዋት መቀበያውን ከፍቶት ነበር፤ ወጥቶ ቴፑን የሚጫን እጅ ብቻ ነው የጎደለው። ሊቀመንበሩ ማኘኩን ገታ አድርጎ ወደ ጣሪያው ቀና አለ።

"ይሄ የሚጮኸው ምንድን ነው?" ብሎ ባሌን ጠየቀው።

እግዜር ራሱ ጥያቄውን በሰውዬው አፍ አድርጎ ላከው ማለት ነው። ተነሥ፣ "ይኸውላችሁ፣ ሳተላይቱ ነው፣ ተከተሉኝ" በል! ባሌ ግን እጁን እያሻሸ ከወንበሩ ብድግ ቁጭ አለና፣ "ኧረ ምንም አይደለም ጌታዬ፣ ይብሉ ይብሉ" አለ።

ምንም አይደለም! ስንት ወር እንቅልፍ ያጣበትን ነገር፣ ከሰማይ ድረስ ያወረደውን ድምፅ፣ እንደ ወጥ ቤት አይጥ ካደው። ካድሬ ፊት አፉ የተፈታ ሰው ጎራሽ ፊት ተሸነፈ። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንደ እኛ የጠናበት ሕዝብ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚያች ደቂቃ ባሌን ከነወንበሩ ብገለብጠው ደስ ባለኝ ነበር። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ።

ቀበቷቸውን አላልተው ጣሪያ ላይ ሲወጡ መቀበያው ሽሽሽ ከማለት በቀር ቃል አልነበረውም። ባሌ ትናንት የተቀበለውን ሥዕል አሳያቸው። ሊቀመንበሩ ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ እንዲህ ያለው ጋዜጣ ላይም ይወጣል አለ። አንዱ አባል፣ "የእናንተው ሳተላይት የታለ?" ብሎ ከአንቴናው ሥር ሥር ፈለገ። የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይቆያል፣ እሱም በምዕራብ በኩል ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው ሲባሉ፣ ሌላ የሚጎበኙት ድርጅት እንዳለ ተናግረው ወረዱ። እትዬ ለመንገድ ቋጠረችላቸው።

ድጎማውን የወሰደው ያ ሌላው ድርጅት ነው። አናጢ ቀጥረው ከኮምፔንሳቶ ሮኬት አሠርተው፣ ባንዲራ ቀብተው ግቢያቸው ውስጥ አቁመዋል። ውስጡ ባዶ ነው አሉ፤ ጫፉ ግን ሹል ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሊቀመንበሩ ባለሱቁ ዘንድ ደወለ። "ፖሌ ሳና፣ ስለ ሕዋው አዝናለሁ" አለ። ቀጠል አድርጎም ቻኩላው፣ ያ ምግብ፣ ከአእምሮው እንዳልጠፋ ነገረው። ለካ ሰውዬው የሆቴልና ቱሪዝም ድጎማ ኮሚቴ ውስጥም አለበት! ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ብትከፍቱ ብሎ አማከረ። ባለሱቁ በስሙ ጠየቀ፣ በአንድ ወር ተፈቀደ። ለዚህኛው ድጎማ መቅመስ እንጂ ሰማይ ማየት አላስፈለገም።

ምግብ ቤቱ በአገር ውስጥ የማይገኝ ሙያ ያለው አንድ የውጭ ሰው ማስመዝገብ ይችላል ተባለ። እትዬ በባሏ በኩል የመኖሪያ ፈቃድ ስላላት፣ ቦታውን ለባሌ ሰጠነው። እንቁላል ጠብሶ የማያውቀው ሰው "የኢትዮጵያ ምግብ ሊቅ" ተብሎ ተመዘገበ። የሥራ ፈቃዱ ወረቀት ሲመጣ ሳቅን፤ እትዬማ እንባዋ እስኪወርድ። ባሌ ብቻ ከታች ያለውን ማኅተም አቀርቅሮ ያነባል።

"ምን ይላል?" አልኩት።

"ከተመዘገበበት ሙያ ውጭ መሥራት ክልክል ነው ይላል። ሬዲዮ እንኳ መጠገን አልችልም።"

ይህን ሁሉ ዓመት የለመንነው ፈቃድ፣ የሚያውቀውን እንዳይሠራ ኖሯል የሚፈቅድለት። ባሌ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ "በይ እስቲ፣ ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ አሳዪኝ" አለኝ።