ላንድሮቨርን በትከሻው የሚለዩት እትዬ ብርቄ

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ዶሃ፣ አል ሂላል ሰፈር በምሠራበት የልብስ ስፌት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። የደወሉልኝ ሁላችንም «ባባ» የምንላቸው የቀድሞ አሠሪዬ ነበሩ። ባባ ስልክ ላይ ሰላምታ ማብዛት አይወዱም፤ ያን ቀን ግን ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ገባኝ። «ብርቄ ኸላስ» አሉ በመጨረሻ፤ አበቃች ማለታቸው ነው።

ለሦስት ሳምንት በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። ጸሎተ ፍትሐታቸው አቡ ሃሙር በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ከተደረሰ በኋላ፣ አስከሬናቸው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ድሬዳዋ ተሸኝቷል። ይህን የምጽፈው ዓርብ ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለምታውቋቸው፣ በኡም ሰላል መሐመድ ሰፈር ቤቶች ጎረቤት ሆናችሁ ለሠራችሁ፣ ድሬዳዋም ላላችሁ ዘመዶቻቸው ነው። ብዙዎቻችሁ እጃቸው የሚጣፍጥ፣ ትሑት ሴት እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ከመኪና ጋር ስለነበራቸው ነገር ግን የምታውቁ አይመስለኝም።

እትዬ ብርቄ በአንድ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብስለዋል። እኔ እዚያ ቤት ለጽዳት ተቀጥሬ የገባሁት በፈረንጆቹ 2019 ነበር፤ ዓረብኛ ቃል አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት የባባ ሚስት፣ ማዳም፣ መጥረጊያ ጠይቀውኝ ማንኪያ አመጣሁላቸውና ልጆቹ ሳቁብኝ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ፣ በየዕቃው ላይ ስሙ በዓረብኛ፣ ፊደሉ በአማርኛ ተጽፎ ተለጥፎ አገኘሁ። ከቢላው እስከ ወንፊቱ የቀረ የለም። «የሰው አገር ቋንቋ ዕቃው ላይ ነው ያለው» አሉኝ እትዬ። «ዕቃውን ስትይዢ ቋንቋውንም ትይዣለሽ።»

እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በጾም ወራት ለቤተሰቡ የሥጋ ወጥና ሩዝ ሲሠሩ መቅመስ ስለማይችሉ እኔን ያስቀምሱኝ ነበር። «ጨው?» ይሉኛል፤ «ትንሽ ይጎድለዋል» እላለሁ። ዓርብ ወደ አቡ ሃሙር በአንድ አውቶቡስ እንሄዳለን፤ ቀድመው ከገቡ ቦርሳቸውን አጠገባቸው አኑረው ቦታ ይይዙልኛል። የሁለታችንም ቤተ ክርስቲያን ያለበት ግቢ ዋና በር ላይ ስንደርስ፣ «በሩ አንድ ነው፤ የምንለያየው ከገባን በኋላ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

በአሠሪዎቻችን ግቢ ጥግ፣ ከሸራ ጥላ ሥር፣ አንድ አሮጌ አረንጓዴ ላንድሮቨር ቆሞ ነበር፤ የባባ ሟች አባት መኪና። አንድ ቀን ጠዋት አሸዋ እየጠረግሁ ሳለ እትዬ መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳርፈው ቆመው አየኋቸው።

«እትዬ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው።»

አባታቸው በአንበጣ መከላከል ሥራ የላንድሮቨር ሾፌር ነበሩ። ከድሬዳዋ ተነሥተው እስከ ኦጋዴን በረሃ ይነዱ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃቸውን ይዘዋት ይሄዳሉ፤ እትዬም በሾፌሩና በመድኃኒት ረጪው መካከል ባለችው ጠባብ ወንበር ተቀምጠው አድገዋል። ያኔ በአገራችን ጎማው ከፍ ያለ መኪና ሁሉ «ላንድሮቨር» ነበር የሚባለው። አባታቸው ይናደዱ ነበር፦ «የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በአንድ ልጅ ስም ትጠራላችሁ?»

እትዬ ወደ ውስጥ ገቡና ከማቀዝቀዣው በር ላይ የልጆቹን የግመል ቅርጽ ያለው ማግኔት ነቅለው አመጡ። «እስቲ ለጥፊው» አሉኝ። ብለጥፈው ወደቀ። ደግሜ ብለጥፈው አሁንም ወደቀ።

«ብረት አይደለማ! አሉሚኒየም ነው» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። ከዚያ መጥረጊያዬን አስደግፌ አደመጥኳቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ አገር ብረት እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ አሉሚኒየም ግን ከአውሮፕላን ሥራ ተርፎ ተከምሯል። ስለዚህ መኪናውን ከተረፈው ሠሩት፤ የመጀመሪያዎቹን አረንጓዴ የቀቧቸውም ከጦር ሠራዊት በተረፈ ቀለም ነው። የነደፈው ሰው የመጀመሪያውን ሥዕል በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ በእንጨት ጫረው ይባላል። «ለገበሬ ነው ያሰቡት» አሉ። «ሞተሩ መንዳት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ከኋላው ቀበቶ ስታስሪበት እንጨት ይቆርጣል፣ ውኃ ይስባል። ከጎበጠም በመዶሻ ታቃኚዋለሽ። አባቴ ‹ሌላው መኪና ጋራዥ ይፈልጋል፤ ይሄ የሚፈልገው ሰው ነው› ይል ነበር።»

ሰው ለምን ይህን መኪና እንደሚወድ ያኔ ገባኝ። ያማረ አይደለም፤ የሚለሰልስ ወንበርም የለውም። ግን ማንም ሰው ሊረዳው ይችላል፤ የተረዳውን ሰው ደግሞ በረሃ ላይ አይጥለውም።

ቀጥለው እጄን ያዙና ከመስኮቱ ሥር በጎኑ ላይ አሳለፉት። «የመጀመሪያዎቹ እንደ ሣጥን ቀጥ ያሉ ናቸው። ይሄ ግን ይኸው፣ እዚህ ጋ እንደ ትከሻ ክብ ብሎ ይወጣል። ትከሻ ያለው ከዓመታት በኋላ የመጣው ነው።»

በዚያው ዓመት፣ ዶሃ ቀዝቀዝ ሲል፣ ባባ መኪናውን የአሮጌ መኪናዎች ትርኢት ላይ ሊያቀርቡት ወሰኑ። ቀለም ቀቢ መጣ፤ ጎማው ተቀየረ፤ የነሐስ ሰሌዳም ተሠራ። ትልቁ ልጅ ሰሌዳውን ወጥ ቤት ይዞት ገብቶ አነበበልን፦ «ከመጀመሪያዎቹ ላንድሮቨሮች አንዱ፤ በአካባቢያችን የታየ የመጀመሪያው መኪና።» ዘመድ ወዳጁ ሁሉ ተጠርቷል። ልጁ ሲወጣ እትዬ ሽንኩርት መክተፋቸውን አቆሙ።

«ሰኒ፣ ይሄ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«መኪናው የመጀመሪያው አይደለም። ትከሻ አለው።»

ደነገጥኩ። «እትዬ፣ ምን አገባን? ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ በባባ እጅ ነው። እባክዎን ዝም ይበሉ።»

«እዚያ የሚመጡት የመኪና አዋቂዎች መጀመሪያ የሚያዩት ትከሻውን ነው። ባባን ልጆቻቸው ፊት ይስቁባቸዋል። ሰው ፊት ከሚያፍሩ እኔ ፊት ይቆጡ» አሉና ቢላቸውን አነሡ።

ከምሳ በኋላ ወደ ግቢው ወጡ። ባባ ከልጆቻቸውና ከቀለም ቀቢው ጋር መኪናው ዙሪያ ቆመዋል። እትዬ ቀስ ብለው፣ በብዙ ዓመት ዓረብኛቸው፣ ለእኔ የነገሩኝን ነገሯቸው። የባባ ፊት ተለወጠ።

«ብርቄ፣ አንቺ ወጥ ቤት ነሽ። የአባቴን መኪና ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ?»

«መኪናውን አውቀዋለሁ ባባ። አባትዎን አላውቅም» አሉ፤ መዳፋቸውንም ጎኑ ላይ አኖሩ።

ባባ ወደ እኔ ዞሩ። መጥረጊያ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። «አንቺስ? ይህን ወሬ ታውቂያለሽ?»

እጄን በዚያ ትከሻ ላይ ያሳለፉልኝ ገና ወር አልሞላውም። «አላውቅም ባባ» አልኩ።

እትዬ አላዩኝም። ወደ ወጥ ቤት ገቡና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ለሦስት ቀን የእትዬን መባረር ስንጠብቅ ሰነበትን። ማዳም አንድ ጊዜ ብቅ ብለው «ሻንጣሽ የት ነው?» ብለው እትዬን ጠየቋቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይናገሩ ወጡ። እትዬ ነጠላቸውንና መጽሐፋቸውን ሻንጣቸው ውስጥ ከተቱ። በሁለተኛው ቀን እኔ አላስችል ብሎኝ፣ እያለቀስኩ «እትዬ፣ እኔ እኮ...» ማለት ስጀምር፣ ማንኪያ ዘረጉልኝ። «ያላ፣ ሩዙን ቅመሺልኝ» አሉ። ቀመስኩ። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ አንሥተው አያውቁም።

በአራተኛው ቀን ሐጃ ከክፍላቸው ወጡ። ሐጃ የባባ እናት ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግቢ ድረስ የሚወጡት ከስንት አንዴ ነው። እኔ ወንበር ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ላንድሮቨሩ አጠገብ ተቀምጠው ልጃቸውን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ብርቄ እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ይሄ አይደለም።»

ባባ ወደ መኪናው ጎን ዞረው አዩ፤ ሐጃ ቀጠሉ።

«የመጀመሪያው ጎኑ ቀጥ ያለ ነበር። አንድ በጋ እርሻው ጋ ያለው የጎረቤቶቻችን ጉድጓድ ፓምፑ ተበላሸ። አባትህ መኪናውን ወስዶ ከኋላው ቀበቶ አሰረና ውኃ ሳበበት። በጋውን በሙሉ ሰዉም ፍየሉም ከዚያ ጠጣ። በጋው ሲያልቅ የጉድጓዱ ባለቤት ‹መኪናህን ውሰድ› ሲለው፣ ‹ውኃ የሚያጠጣ ነገር ከጉድጓድ አይነሣም› ብሎ በእግሩ ወደ ቤት መጣ። ይሄን የገዛው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ አንተ ያኔ አልተወለድክም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ባባ። እንደዚያ ቀን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

«እንዳልናገር ለምኖኝ ነበር። ‹የሰጡትን ማውራት መልሶ መውሰድ ነው› ይል ነበር። አሁን ግን ይህቺ ሴት እውነት ተናግራ ልትባረር ስትል ዝም ካልኩ፣ እሱም አይወደውም።»

 ባባ መፍቻ አስመጥተው መኪናው ላይ የተገጠመውን ሰሌዳ በገዛ እጃቸው ፈቱት። ትርኢቱ ላይ የተለጠፈው ሌላ ነበር፦ «ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን አባቴ ለውኃ ሰጠው።»

እትዬም ነጠላቸውን ለብሰው መኪናው አጠገብ እንዲቆሙ ተደረገ። እኔ ልጆቹን ይዤ ነበር። አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ጎኑን ዳሰስ አደረጉና «የስንት ዓመት ነው? የመጀመሪያዎቹ ከዚህ በምን ይለያሉ?» ብለው ባባን ጠየቁ። ባባ ወደ እትዬ አመለከቱ። «እሷን ጠይቋት። ላንድሮቨር የምታውቀው እሷ ናት።» እትዬ በመጀመሪያ አፈሩ፤ በኋላ ግን ከአሸዋው ላይ ሥዕል ጀምረው እስከ ድሬዳዋ አደረሱት። ሰው ከበባቸው። ስንመለስ ባባ የፊተኛውን በር ከፍተው «ብርቄ፣ ያላ፣ እዚህ» አሉ። ይቅርታቸው ያ ነበር። እትዬ በዚያ ቤተሰብ መኪና ከፊት ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ በሩ ተዘጋ፤ ዓርብም ቀረ። በአገራችን አንበጣ መግባቱን በስልክ ሲያዩ «አባቴ ቢኖር ዛሬ ቤቱ አያድርም» ይሉ ነበር። መውጣት ሲፈቀድ አዲሱ የላንድሮቨር ሞዴል ዶሃ ደርሶ ስለነበር ባባ ወስደው አሳዩዋቸው። ዞር ዞር ብለው አዩትና «ቆንጆ ነው። ግን አባቴን የሚያስፈልገው አይመስለኝም» አሉ፤ ባባ መንገዱን ሙሉ ሲስቁ መጡ። እኔ ሥራ መለወጥ ስፈልግም ለመናገር ፈርቼ ሳለ፣ «ልጅቷ ስፌት ትችላለች፤ መጥረጊያ ይዛ አትቅር» ብለው ባባን ያናገሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ሆስፒታል ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው ለመተንፈስ ይቸገሩ ነበር። የኦክስጂን ጭምብሉን ትንሽ ገለጥ አድርገው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሐጃ ምግብ ይበላሉ?» የሽኝታቸው ቀን ሐጃ፣ ባባና ልጆቹ ከአቡ ሃሙሩ በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቁ። ማዳምም ነበሩ፤ እያለቀሱ።

እትዬ ብርቄ፣ ያን ቀን «አላውቅም» ያልኩት ፈርቼ ነው። እርስዎ ግን እኔንም ከኀፍረት ሊያድኑኝ ፈልገው ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም። ዛሬ በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት እጨርሰዋለሁ፦ አውቅ ነበር፤ እርስዎ አስተምረውኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድመው ሲነሡ፣ ከሁሉም በኋላ ሲያርፉ ኖሩ። አሁን እንግዲህ ይተኙ፣ እናቴ። ምሳውም እራቱም ደርሷል፤ የሚጠራዎት የለም።