በፍርሃቴ የተመረቅኩበት ቁልቁለት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ያ ክፉ ድርቅ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያንን የጀማ ቁልቁለት ግን እስከ ጠጠሩ አስታውሰዋለሁ፤ ለባለቤቴም ቢሆን ነግሬያት አላውቅም።

የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሸከም ቆይቼ፣ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። የተፈተንኩት ግን ሜዳ ላይ ነው። የጭነት መኪና እንድለማመድ አለቆቼ ከጋሽ ወልዴ ጋር መደቡኝ። ጋሽ ወልዴ ሃያ ዓመት የነዱ፣ ቃል የሚቆጥቡ፣ ሲቆጡ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ነበሩ።

ሜዳ ላይ ጥሩ እነዳ ነበር። ቁልቁለት ሲመጣ ግን ሰበብ እፈጥራለሁ። አንድ ቀን ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ እላለሁ፣ ሌላ ቀን ራሴን አመመኝ እላለሁ፤ መሪውን ለእሳቸው አስረክባለሁ። ሦስት ወር እንዲህ ሸወድኳቸው። የሸወድኳቸው መስሎኝ ነው እንጂ እሳቸውስ ያውቁ ነበር።

የዚያን ዕለት ወደ ዓለም ከተማ ጨው ጭነናል። የለሚን ከተማ አለፍ ሲሉ ሜዳው ያልቅና መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ወንዝ ይወርዳል። ጋሽ ወልዴ አፋፉ ላይ መኪናውን አቆሙና ወርደው በቀኝ በኩል ዞሩ። ዛሬ ጀማን የምትወርደው አንተ ነህ አሉኝ። ሰበብ ለመፍጠር አፌን ስከፍት፣ «ዓይንህንም ራስህንም ጠዋት አይቻቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው» አሉ።

አውቶቡስ እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ስለነበር ከጆንያዎቹ ላይ ዘጠኝ ሰው ተሳፍሯል። ከእነሱ መሃል ሕፃን ያዘለች ሴትና አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከፊት፣ በእኔና በጋሽ ወልዴ መካከል፣ ደብረ ሊባኖስ ተሳልመው የሚመለሱ አንዲት እማሆይ ተቀምጠዋል። መቁጠሪያቸውን ይዘው በለሆሳስ ይጸልያሉ።

ሁለት ኩርባ በደህና ወረድኩ። እንዲያውም ልቤ ሞቅ አለ። ሦስተኛው ኩርባ ሲቃረብ ፍጥነቱ በዛብኝና ማርሽ ልቀንስ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። ማርሹ ተንጫረረ እንጂ አልገባም፤ ዜሮ ላይ ቀረ። መኪናው በጨው ክብደት እየተገፋ መክነፍ ጀመረ። ፍሬን ረገጥኩ፤ የያዘ አልመሰለኝም። በግራ ተራራው፣ በቀኝ ገደሉ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን በግልጽ ልጻፈው። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ።

ስለ ሕፃኑ አላሰብኩም፣ ስለ እማሆይም አላሰብኩም። መሬት ላይ ተንከባለልኩ፤ የኋላው ጎማ ከራሴ አንድ ክንድ ርቆ አለፈ። ቀና ስል መኪናው እየሄደ ነው። ወዲያው አፍንጫው ወደ ግራ ታጠፈ፤ ተራራውን እየፋቀ ሄዶ ሄዶ አቧራ ውስጥ ቆመ። ጋሽ ወልዴ በእማሆይ ላይ ተዘርግተው በአንድ እጃቸው መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዘው፣ በሌላው የእጅ ፍሬኑን ስበውት ነው።

ሮጥኩ። ምን አስቤ እንደሆነ አላውቅም፣ ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስቼ ከጎማው ፊት ሸጎጥኩ። መኪናው ቀድሞ ቆሟል፤ ድንጋዩ ምንም አይጠቅምም። እጄ ባዶ እንዳይሆን ነው።

ሰዎቹ ከጭነቱ ላይ ወረዱ። መዝለሌን ያየ አለ፤ ለምን እንደዘለልኩ ግን የገባው የለም። ሽማግሌው ያ ልጅ ለምን ዘለለ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ወልዴ ፊታቸውን እየጠረጉ አንዴ እኔን፣ አንዴ ድንጋዩን አዩ።

«ጎማ ሊደግፍ ነዋ» አሉ። «መሪውን ለእኔ ለቆ ድንጋይ ሊያስገባ ወረደ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁኝ ጀመር። «እግርህን እንቅፋት አያግኘው፤ ነፍስህን ለእኛ እንደሰጠህ እሱ ነፍስህን ይጠብቅልህ» አሉ። ሌሎቹ አሜን አሉ። ሴትየዋ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ እንድስመው ወደ እኔ አስጠጋችው። ሳምኩት። ጥያችሁ ነው የሸሸሁት ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። እሱን ትቼ የባሰ አደረግኩ፤ ክርኔ መድማቱን አይተው ሲያዝኑልኝ ልክ እንደ ጀግና ምንም አይደል አልኳቸው።

ጋሽ ወልዴ ፍሬኑን መረመሩት። ደህና ነበር፤ በድንጋጤ አጥብቄ አልረገጥኩትም። የግራው ጎማ መከለያ፣ ፓራፋንጎው፣ ከመጨማደዱ በቀር መኪናው ምንም አልሆነም። ቁልፉን መልሰው ሰጡኝ። በሹክሹክታ አልችልም አልኳቸው።

«ዛሬ ካልያዝከው ዳግመኛ አትይዘውም» አሉ። «በአንደኛ ጀምር፤ ታች እስክትደርስ ማርሽ አትንካ።»

ከሰዎቹ ጥቂቶቹ በእግራችን እንወርዳለን ብለው ነበር። ሽማግሌው ይህን የመሰለ ልጅ እየነዳን ምን ያስፈራናል ብለው መልሰው አሳፈሯቸው።

እማሆይ ገና መኪናው ጎን ቆመዋል። እሳቸው ሁሉን አይተዋል፤ በሩን ስከፍት ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር። ጠጋ ብዬ እርስዎ በእግርዎ ቢወርዱ ይሻላል አልኳቸው።

«ብወርድ ለምን ወረዱ ብለው ይጠይቁኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ደግሞ ቆብ ደፍቼ አልዋሽም።»

ይህን ብለው ወጡና ቅድም የነበሩበት ቦታ ተቀመጡ።

ነዳሁ። ከእግረኛ ባልፈጠነ አካሄድ ነዳሁ። ጋሽ ወልዴ በየኩርባው እንዲያ ነው ከማለት በቀር አልተናገሩም። እማሆይ ጸሎታቸውን ቀጠሉ፤ ስለ እኔ ይሁን ከእኔ ለመዳን አላወቅኩም። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንይዝ ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር። ሹፌር የሆንኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ሸሽቼ አላውቅም።

ዓለም ከተማ ስንደርስ ሽማግሌው እጄን ይዘው ገበያ ውስጥ ለሚያውቁት ሁሉ አሳዩኝ። ጠላ ቤት ወስደው ጋበዙኝ። ወሬው በየአፉ አደገ፤ በሳምንቱ ስመለስ ድንጋዩ ቋጥኝ ሆኖ ጠበቀኝ። አላረምኩም። እንዲያውም አንድ ሁለት ጊዜ ራሴው ጨምሬበት አውርቻለሁ።

ጋሽ ወልዴ አንድ ቀን ያነሱብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አራት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። በዚያ ኩርባ ስንት ጊዜ አለፍን፤ አንዴም አላነሱትም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ካረፉ ቆይተዋል። ለቅሷቸው ላይ ልጆቻቸው ከበው ስለ አባታችን የምታውቀውን ንገረን አሉኝ። ስለ ትዕግሥታቸው ተናገርኩ፣ ስለ ጨዋነታቸው ተናገርኩ። ያን ቀን ያን ሁሉ ነፍስ በሁለት እጃቸው ማትረፋቸውን ግን አልነገርኳቸውም። ያን ጊዜ አንተ የት ነበርክ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ልጆቹ የአባታቸውን ትልቁን ሥራ ሳያውቁ ቀሩ።

ዛሬ በመፍራቴ ያን ያህል አላፍርም። ልጅ ነበርኩ፣ ገደሉም ገደል ነበር። ምርቃቱ ግን የእሳቸው ነበር፤ እኔ ወስጄ ዕድሜዬን ሙሉ ኖርኩበት። የበኩር ልጃቸው ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው፤ ባገኘኝ ቁጥር የአባቴ ወዳጅ ብሎ አቅፎ ይስመኛል። ይህን ለማላውቃችሁ ለእናንተ መጻፍ ችያለሁ። ለእሱ መንገር ግን እስካሁን አቅቶኛል።